የቤቱ ጨው

«ልጁ አጨሰ፤ ጨው የተከለከልኩት እኔ!»

ይህን ያሉት አማቴ ዶና ቴኦሊንዳ ናቸው፤ በጓሮው አጥር ላይ ተደግፈው፣ ለጎረቤታችን ለዞይላ። በቤታችን ድምፅ ከፍ ማድረግ ስለተከለከለ በሹክሹክታ ነበር የተናገሩት፤ የአማቴ ሹክሹክታ ግን ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። እኔ ማድ ቤት ቆሜ ጨው በወረቀት እጠቀልል ነበር። «ውይ ዶና ቴኦ፣ ያለ ጨው እህል እንዴት ብሎ ይወርዳል?» አለች ዞይላ። «እህሉማ አይወርድም። የምወርደው እኔ ነኝ፤ ወደ ጉድጓዱ» አሉ አማቴ፤ ከዚያ ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው አላማረኝም። ጨው ከቤታችን ከቀረ ወዲህ እኔ ከስቼ ቀሚሴ እንደ መጋረጃ ይወዛወዛል፣ ባሌ አርቴሚዮ ሱሪውን በሲባጎ አስሯል፣ የአማቴ ጉንጭ ግን ሞልቶ ያበራል። እብጠት ይሆን? ኩላሊታቸው ይሆን? እያልኩ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። እኔ ክፉ ነገር ለማሰብ ምክንያት አያስፈልገኝም፤ መጀመሪያ አስባለሁ፣ ምክንያቱን በኋላ እፈልግለታለሁ።

ታራፖቶ ከተማ ውስጥ ቤታችን የሚታወቀው በጢስ ነው። የአሳማ ሥጋ በጨው አሽተን፣ በርሜል ውስጥ ሰቅለን፣ በእንጨት ጢስ እናደርቃለን፤ ከተወቀጠ የሙዝ ጥብስ ጋር በፊተኛው ክፍል እንሸጣለን። የባጃጅ ነጂውም፣ የባንክ ሠራተኛውም ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። ልጃችን ሮይሰር ግን የራሱን ጢስ ይዞብን መጣ። ከኮካ ቅጠል የሚያወጡትን፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ፓስታ የሚለውን ነገር እየጠቀለለ ማጨስ ጀመረ። አማቴ መጀመሪያ ሲነገራቸው «ፓስታ? ማን ነው ማካሮኒ የሚያጨስ?» አሉ፤ በማግሥቱ ቤት ውስጥ የነበረውን ማካሮኒ ሁሉ ሰብስበው ለዞይላ ዶሮዎች በተኑት። ልጁ የግድግዳ ሰዓቱን ሲሸጥ፣ የአባቱን መሰርሰሪያ ሲሸጥ፣ ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ጎድጉዶ ሲመለስ፣ እሳቸው ዶሮዎቹን በአጥር ቀዳዳ እያዩ «እነሱ ምንም አልሆኑ፤ ይሄ ልጅ ሆዱ ስስ ነው» ይሉ ነበር።

ለእኔ ከሰዓቱም ከመሰርሰሪያውም የከበደኝ ሌላ ነው። ሮይሰር በልጅነቱ አፉ ክፉ ነበር፦ ሾርባው ቀጠነ፣ ሩዙ አረረ፣ ሙዙ እንጨት ነው፣ የዞይላ ይሻላል። ስንት ጊዜ ማማሰያ ይዤ አባርሬዋለሁ። ያን ነገር ከጀመረ በኋላ ግን ያቀረብኩለትን ሁሉ ጆንያ እንደሚሞላ ሰው ዝም ብሎ ይከተዋል፤ ወይም ጨርሶ አይነካውም። አንድ ቀን ሾርባው ላይ ጨው በስሕተት ሁለት ጊዜ ጨመርኩበት። አባቱ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ወደ ጓሮ ሮጠ፤ ሮይሰር ሳህኑን ጭልጥ አድርጎ «እሺ» ብሎ ወጣ። ያን ቀን ነው ልጄ ከቤት እንደሌለ የገባኝ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እያየሁት።

ከወንዙ ማዶ፣ ከተማው አልቆ ጫካው ከሚጀምርበት አጠገብ ያለው የሱሰኞች ማገገሚያ ማዕከል ነው የተቀበለው። እዚያ መድኃኒተኛው ዶን አዲልሶን አያዋስካ የሚሉትን የሐረግ ፍላት እየዘፈኑ ያጠጣሉ፤ የጠጡት እንደሚሉት ኮሶ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ማር ነው። መጀመሪያ ያስመልሳል፣ ከዚያ ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ያሳያል። ሌላው ታካሚ ነብር ያያል፣ ዘንዶ ያያል፤ ከፈረንሳይ የመጣ አንድ ረጅም ልጅ ከሞቱት አያቱ ጋር ተጨዋውቷል አሉ። የእኔ ልጅ ያየው እኔን ነው። ጾሙን ከመጀመሩ በፊት በነበረው እሑድ ልጠይቀው ስሄድ ነገረኝ።

«ሽርጥሽን አድርገሽ ፊቴ ቆመሽ ነበር፣ እማ።»

«ምን አልኩህ?»

«‹በልተሃል?› አልሽኝ።»

«ከዚያስ?»

«‹በልተሃል?› አልሽኝ፣ ደግመሽ። ዶን አዲልሶን በዘፈናቸው ሊያባርሩሽ ሞከሩ። ዘንዶውን በአንድ ዘፈን ነው ያባረሩት፤ አንቺ ግን ወይ ፍንክች።»

ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «ከዚያ እያደግሽ፣ እያደግሽ ዶሮ ሆንሽ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንደ እንቁላል ታቀፍሽኝ። መጀመሪያ ሞቀኝ፤ በኋላ አየር አጣሁ።» በልተሃል ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሳይኮሎጂስቷ ጂሴላ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እየሰቀለች መነጽሯን የምትፈልግ ደግ ልጅ ናት፤ ያን ቀን አስቀምጣኝ ብዙ ነገር አስረዳችኝ። ሐረጉ በሩን ይከፍታል እንጂ አይራመድም፤ የሚራመደው ልጁ ነው፤ ያየውን እየተነጋገርንበት ነው፤ ተስፋ አለው፤ ሁሉም ግን አይራመድም አለች። ከዚያ ሁሉ ንግግር እኔ ይዤ የተመለስኩት «ሁሉም አይራመድም» የሚለውን ነው።

ከሐረጉ በኋላ ሮይሰር ጫካ ውስጥ አንዲት ጎጆ ብቻውን ገባ። የተቀቀለ ሙዝና ነጭ ሩዝ ብቻ፤ ጨው የለም፣ ስኳር የለም፣ ሳሙና የለም፣ የሰው ወሬ የለም። መድኃኒተኛው ዶን አዲልሶን እንደሚሉት፣ እንዲህ የከረመ ሰው በር እንደሌለው ቤት ክፍት ነው። ጭቅጭቅ ይገባበታል፣ ሽታ ይገባበታል፣ የሰው ፍርሃት ይገባበታል። ስኳር ከቀመሰማ አለቀ፤ የተደከመበት ሁሉ ተበላሽቶ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ጾሙ ሲያልቅ በሩ የሚዘጋው ከገዛ ቤቱ በመጣ ጨው ነው፤ እናቱ በእጇ ምላሱ ላይ ታደርግለታለች፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ። እስከዚያ ቤተሰቡም አብሮት ይጾማል፦ ያለ ጨው፣ ያለ አሳማ፣ ያለ ሚጥሚጣ፣ ያለ ጩኸት። በርሜላችን ቀዘቀዘ፣ ደንበኞቻችን በተዘጋው በር ላይ አፍንጫቸውን አስጠግተው ተመለሱ፤ ቤታችን ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ምንም አልሸተተም።

ከሁሉ የከፋው ግን ዶን አዲልሶን ያን እሑድ ሲሸኙኝ ያሉኝ ነው። «ደግሞ እጅሽ እንዳይፈራ፤ ፍርሃት በጣት ይተላለፋል።» ሮይሰርም ከኋላቸው ቆሞ «ከተበላሸ ሁለተኛ ጎጆው አልገባም፣ እማ። ቀጥታ ወደ ሊማ ነው የምሄደው» አለ። ዋና ከተማችን ሊማ አንድ ጊዜ ሄዶ እንዴት ሆኖ እንደመጣ አውቃለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ ከታራፖቶ ሴቶች ሁሉ እጇ እንዳይፈራ የተባለችው እኔ ነኝ! ሰሞኑን አርቴሚዮን አስቀምጬ፣ አፉን አስከፍቼ፣ ምላሱ ላይ የሩዝ ፍሬ ማስቀመጥ ስለማመድ ከረምኩ። አንዱ ፍሬ አፍንጫው ገባ፣ አንዱ ዓይኑ። «ሮይሰር ባይድን እንኳ አርቴሚዮ ይታወራል» አሉ አማቴ።

እንግዲህ ቀኑ ደርሶ ነው በዚያ ጠዋት ጨው የምጠቀልለው። ቦርሳ ውስጥ ባደርገው ሞተር ብስክሌት የሚነዱት ሌቦች ይነጥቁኛል። እጄ ላይ ብይዘው ያልበኝና ይሟሟል። ደረቴ ውስጥ ባደርገው ዝናብ ሊመታኝ ይችላል። ስለዚህ በሦስት ከፈልኩት። ከአሮጌ ደብተር ወረቀት ቀድጄ ሦስት ጠባብ ጥቅል አደረግሁ፤ አንዱን ጡት መያዣዬ ውስጥ፣ አንዱን ጫማዬ ውስጥ፣ አንዱን በራስ ማሰሪያዬ እጥፋት ውስጥ ሸሸግሁት። ሁለቱ ቢጠፉ አንዱ ይተርፋል። አልቀመስኩትም፤ ጨው መቅመስ ተከልክሏል። የጨው ጣሳው ላይ ግን ማን እንደሚሰርቅ ለማወቅ በምስማር ምልክት አድርጌ ነበርና አየሁት፤ ልክ እስከ ምልክቱ ሙሉ ነው። አማቴን በከንቱ ጠርጥሬያቸው ኖሯል ብዬ አፈርኩ። ስንወጣ ደግፌ ባጃጃችን ላይ አወጣኋቸው፤ አርቴሚዮ ሞተሩን አስነስቶ «ስለ ማርያም» አለ፣ በሹክሹክታ።

ሌባ በበዛበት ገበያ እንደሚያልፍ ሰው እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የተጓዝኩት። በየመንገዱ ዳር አሳማ ይጠበሳል፤ አማቴ በእያንዳንዱ ምጣድ አጠገብ ስናልፍ አንገታቸውን እያዞሩ «ይሄኛው አርሯል... ይሄኛው ገና ነው... ይሄኛውስ የእግዜር ነው» ይላሉ። ጎማ ይፈነዳል ብዬ ፈራሁ፤ አልፈነዳም። ድልድዩ ተሰብሮ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ አልተሰበረም። ድልድዩ አፍ ላይ ግን ሁለት ፖሊሶች ባጃጆችን እያስቆሙ ወረቀት ያያሉ።

ወጣቱ ፖሊስ ወደ አርቴሚዮ ጎንበስ ብሎ «መንጃ ፈቃድ» አለ።

«ይኸው ጌታዬ» አለ ባሌ፣ በሹክሹክታ።

«ምን አልክ?»

«ይኸው ነው ያልኩት» ይባስ ዝቅ አደረገው።

«ለምንድነው የምታንሾካሹከው?»

«እቤት መጮህ ተከልክሏል።»

«እዚህ ድልድይ ነው» አለ ፖሊሱ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ እኔን አየኝ። በላብ ተጠምቄ፣ ደረቴን ጨብጬ፣ ዓይኔ ፈጦ ነበር። ሰላምታ ሊሰጠኝ መሰለኝ አፉን ሲከፍት፣ እኔ ቀደምኩት።

«ምንም አልያዝኩም!»

«ሲኞራ፣ ይዘዋል አላልኩም እኮ።»

«አዎ፤ አልያዝኩም።»

«ጨው ብቻ ነው የያዘችው» አሉ አማቴ በዚያ ሹክሹክታቸው፤ ከድልድዩ ማዶ ያለው ዓሣ ነጋዴ ሳይቀር ቀና አለ። «ጡቷ ሥር ነው። ሌላ ነገር የለም።»

ፖሊሱ ፊቱን አዞረልኝ፤ ከደረቴ አውጥቼ ሰጠሁት። ጥቅሏን ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። ያን ጊዜ ነው እኔም ያየኋት። ይህችን የመሰለች ጥቅል ስንት ጊዜ ከሮይሰር ሱሪ ኪስ አውጥቻለሁ፤ እጄ ሳላዝዘው አጠቃለሉን ተምሮት ኖሯል። «ሌላ አለ?» አለኝ። ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም ጫማ አውልቂ አላለኝም። ነገር ግን እኔ ሳይዙኝ የምያዝ ሴት ነኝ፤ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ። ሁለተኛዋን ሲቀበለኝ «በቃ፣ ይኸው ነው?» አለ፤ በጥያቄው ውስጥ የማሰናበት ድምፅ ነበረ። «ራስ ማሰሪያዬ ውስጥ አንድ አለ» አልኩ። አርቴሚዮ መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ «ኔሊዳ፣ ስለ ፈጠረሽ ዝም በይ» ሲል ሰማሁት።

ሳጅኑ ተጠራ፤ ከዛፉ ጥላ ሥር ኦቾሎኒ እየፈለፈለ መጣ። «ምንድነው?» አለ። «ጨው ነው ይላሉ» አለ ወጣቱ። «ሁሉም የሆነ ነገር ነው ይላል» አለ ሳጅኑ። «ያለፈው ሰውዬ የሕፃን ዱቄት ነው አለኝ። ሕፃኑን አምጣው ብለው ጢማም ወንድሙን አመጣልኝ።» ጥቅሏን ፈታ፣ ትንሿን ጣቱን ነከረ። «ሳጅን፣ መቅመስ አይፈቀድም» አለ ወጣቱ። «ኦቾሎኒዬ ጨው የለውም» አለ ሳጅኑና ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማዩን ደጅ ሁሉ ማንኳኳት ፈልጌ በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ ያ የድሮ ተረት ብቻ ነው። ጨው ሆይ፣ አልኩ በልቤ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ ለእኔም ስትል፣ ለልጄም ስትል ጣፍጥ።

ሳጅኑ ምላሱን አላወሰ። ጣቱን ደግሞ ነከረ።

«ይጣፍጣል» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ!» አልኩ።

«አይ፣ ይጣፍጣል እኮ ነው የምልዎት። ስኳር ነው።»

ጸሎቴ ተሰምቷል፤ ቃል በቃል ነው የተሰማው።

«ጨው ነው!» አልኩት።

«ስኳር ነው፣ ሲኞራ። እንኳን ደስ ያለዎት፤ ስኳር አያሳስርም። ይሂዱ።»

«ጨው ነው እላለሁ! ከቤቴ ጣሳ በዚህ እጄ ነው የቀዳሁት!»

«ሲኞራ፣ እኔ ልለቅዎት እየታገልኩ ነው፤ እርስዎ አላስለቅቅ አሉኝ።»

ወጣቱም ቀመሰ፤ ሕጉን ረስቶ። ስኳር ነው አለ። ዓሣ ነጋዴው መጥቶ ቀመሰና ስኳር ነው፣ ያውም ነጭ ስኳር አለ። በመጨረሻ እኔ ቀመስኩት። የባጃጁ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። እስር ቤት አልነበረም ያሰብኩት። ልጄ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አምኖኝ፣ እንደ በር አልባ ቤት ተከፍቶ፣ እኔ በዚህ እጄ ስኳር ምላሱ ላይ ሳደርግለት ታየኝ። ከዚያ ሊማ ታየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ክፉውን ሳስብ ኖሬ ይሄኛውን ሳላስበው ቀርቻለሁ! ለካ እኔ ስፈራው የኖርኩት ፖሊስ ነው ከዋናው ክፉ ያዳነኝ።

እኛ ቤት ያለው ስኳር ቡናማው ነው። በሰፈራችን ነጭ ስኳር የምትጠቀም ዞይላ ብቻ ናት። ቀስ ብዬ ወደ አማቴ ዞርኩ። ዓሣ እንደሚቆጥር ሰው ወንዙን ትክ ብለው ያያሉ።

«እማማ።»

«ወንዙ ሞልቷል ዘንድሮ።»

«እማማ!»

«ምን ላድርግ? እንቁላል ጥብስ ያለ ጨው በልተሽ ታውቂያለሽ? ላም እንኳ ጨው ትልሳለች!» አሉ። «እኔ ከላም አነስኩ?»

እንዲህ ነው የሆነው። አማቴ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨው እየቀነሱ፣ ጣሳው እንዳይጎድልብኝ ከዞይላ ነጭ ስኳር እየተቀበሉ እየሞሉ፣ በመጨረሻ ጣሳው ስኳር ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ወጉን ግን አክብሬያለሁ ይላሉ፦ እንቁላል ላይ ብቻ ነው የነሰነስኩት፣ እንቁላል ደግሞ ዶን አዲልሶን ከቆጠሯቸው ክልክሎች ውስጥ የለም። «ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ ነው» አሉኝ። «ምልክት ባታደርጊበት ኖሮ ዝም ብዬ እሰርቅ ነበር እንጂ አላታልልም ነበር።»

«ጨዉስ? ጨዉ የት አለ?»

አማቴ ሁለቱን ፖሊሶች በጎሪጥ አዩ። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ሰደዱና አንዲት የክብሪት ቀፎ አወጡ። «ለመንገድ ብዬ ነው» አሉ። ሳጅኑ ቀፎዋን ተቀብሎ ከፈተ፣ ጣቱን ነከረ፣ ቀመሰ፤ ከዚያ ኦቾሎኒውን አንድ በአንድ እየነከረ መብላት ጀመረ። «ይሄ ጨው ነው» አለ። «የቤቱ ጨው ነው?» ብዬ ጮኽኩ። «ታዲያ የማን ሊሆን ነው?» አሉ አማቴ። «ከገዛ ቤቴ ነው የሰረቅሁት!» ቀፎዋን ከሳጅኑ እጅ ነጥቄ ዘጋኋት፤ ፖሊስ የሚነጠቅበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሳጅኑ አልተቆጣም። አርቴሚዮ ነገሩን ሁሉ፣ ልጁንም ሐረጉንም ጾሙንም፣ በሹክሹክታ አስረዳው። ሳጅኑ እያዳመጠ ኦቾሎኒውን መፈልፈል ተወ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ወጣቱ እንዳይሰማው፣ እሱም በሹክሹክታ «ይሠራል ግን?» አለኝ። «የእህቴ ልጅ ነው... እንዲሁ ለማወቅ ነው።» ዓይኑን አየሁት። እናቶች የሚያዩበት ዓይን ነበር። «አላውቅም» አልኩት። «ዛሬ ነው የማውቀው።» ራሱን ነቀነቀና በእጁ መንገዱን ከፈተልን። «ሂዱ፣ ሂዱ! ፀሐይዋ ወጥታለች!»

ድልድዩን እንደተሻገርን መጀመሪያ የሳቀው አርቴሚዮ ነው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አማቴ፣ ከዚያ እኔ፤ ሆዴን እስኪያመኝ፣ እንባዬ አገጬ ላይ እስኪንጠባጠብ። «ጢማም ወንድሙን አመጣ!» እያለ አርቴሚዮ መሪውን ይደበድባል፤ አማቴ «እሽሽ! ጩኸት ክልክል ነው!» ይላሉ፣ እየጮኹ።

ዶን አዲልሶን በሣር ክዳኑ ሥር ቆመው ይጠብቁናል። ድሮ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ እስካሁንም ሰው ሲያስተናግዱ «ወደ ኋላ ጠጋ በሉ፣ በሩን አትዝጉ» ይላሉ። ጂሴላ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትፈልገዋለች። ሮይሰር አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፤ አንገቱ ቀጥኗል፤ ነጭ ሸሚዙ ከእሱ ይልቅ መስቀያ ላይ ያለ ይመስላል። ዓይኑ ግን ቦታው ላይ ነበር። የክብሪት ቀፎዋን ሳወጣ ዶን አዲልሶን «ልናቃጥለው ነው እንዴ?» አሉ። «ጨው ነው» አልኩና፣ ያን ቀን ልማድ ሆኖብኝ፣ «ይቅመሱት» ብዬ አቀረብኩላቸው። ከእሳቸው በፊት አማቴ ቀምሰው ዓይናቸውን ከደኑ። «ጨው ነው» አሉ፤ እንደ ቅዱስ ቁርባን ነበር ያሉት።

«በይ» አሉኝ ዶን አዲልሶን። «እጅሽስ?»

እጄን አየሁት። አይንቀጠቀጥም። እኔም ደነቀኝ። ፍርሃት ለካ እንደ ጋዝ ሲሊንደር ያልቃል፤ የያዝኩትን ሁሉ ድልድዩ አፍ ላይ ጨርሼው መጥቻለሁ። ሮይሰር አፉን ከፈተ። ልጅ ሳለ የትል መድኃኒት ስሰጠው እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ብቻ ነው የጨፈነው፤ በአንዱ ያየኛል። ቆነጠርኩ፣ ምላሱ ላይ አደረግሁለት። ዶን አዲልሶን የትምባሆ ጢስ አናቱ ላይ እፍ አሉበትና አንድ አጭር ዘፈን አንጎራጎሩ። ሮይሰር አፉን ዘጋ።

ሁላችንም አፉን አየን። አርቴሚዮ ባርኔጣውን በደረቱ ላይ ያዟዙራል። ከጫካው አንድ ወፍ ጮኸ። ልጄ ምላሱን አፉ ውስጥ አዟዟረ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ዋጠ። እኔ ከዚያ ፊት ላይ የምጠብቀውን አላውቅም ነበር፤ ብርሃን ይሁን፣ እንባ ይሁን፣ ወይስ ያ የጆንያው ፊት፣ ምንም የማይቀምሰው።

«እማ» አለ።

«አቤት!»

«በዛ።»

«ምኑ?»

«ጨዉ ነዋ! እፍኝ ሙሉ ነው እንዴ የሚደረገው?» አለና ፊቱን አጨማደደ። «ሆ! ዞይላ እንኳ እንዲህ አታደርግም።»

አማቴ ከዚያች ቀን በፊት ታፍኖ የከረመውን ድምፃቸውን ሁሉ አውጥተው «ድሮም እጇ ጨው አይመጥንም! እኔ ስንት ዓመት ስናገር!» ብለው ጮኹ፤ ጩኸት ተፈቅዷልና ማንም «እሽሽ» አላላቸውም። ጂሴላ ሳቀች፣ መነጽሯ ከግንባሯ አፍንጫዋ ላይ ወደቀላትና አገኘችው። አርቴሚዮ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ስድብ ነበር፤ ከስንት ዓመት በኋላ በምግቤ ላይ የመጣ ስድብ። ማማሰያ ቢኖረኝ አባርረው ነበር። ማማሰያ ስላልነበረኝ ውሃ ሰጠሁት።

አራት ሆነን ባጃጁ ላይ ተጣበቅን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሳጅኑ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ አየን፤ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ሮይሰርን፣ ረዘም አድርጎ። እጁን አነሣልን። «ፖሊሱን ከየት ታውቁታላችሁ?» አለ ሮይሰር። «ረጅም ነገር ነው» አለ አባቱ፣ በሹክሹክታ፤ ልማድ ሆኖበት ቀርቷል። ነገ የሚሆነውን አላውቅም። በሰፈራችን ጥግ ያንን ነገር የሚሸጡት ልጆች ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ሁሉም አይራመድም ብላለች ጂሴላ። እሱን ላስብ ጀመርኩና መሃል ላይ ሌላ ሐሳብ ገፍቶ ገባ፦ ያን ያህል ጨው፣ ያውም በባዶ ሆድ! ደም ግፊት ቢያመጣበትስ? በአባቱ በኩል ደም ግፊት አለ። ዞሬ አየሁት፤ መስኮት በሌለው ባጃጅ ጎን አንገቱን አውጥቶ የሚጠበሰውን አሳማ ያሸታል። ከዓመታት ወዲህ እንዲህ ያለ ቀላል ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም። እቤት እስክንደርስ ድረስ ያንን ፍርሃት እንደ ትኩስ ዳቦ ታቅፌው ሄድኩ።